ምጥ ላይ የተኛች ሴት

«ምጥ ፈርታ ነው አሉ። በመርፌ ልትወልድ ነው።»

ይህን ያለችው ከማዋለጃው ክፍል ደጅ፣ በሲሚንቶው አግዳሚ ላይ ከእማማ ዘሪቱ ቀጥላ የተቀመጠች ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። ስለ ማን እንደምታወራ ታውቃለች፤ ማን አጠገብ እንደተቀመጠች ግን አታውቅም። ነርሶቹ ሲነጋገሩ የሰማችውን ከወዲያ ጎኗ ላለችው ጓደኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወራቻት፤ ልጅቷ የባንክ ሠራተኛ ናት፣ ጀርባዋን ወግተው ከወገቧ በታች ያደነዝዙላታል፣ እሷ ተጋድማ ሌላው ያምጥላታል። «ሳያማት የወለደች ደግሞ ልጇን በምን አንጀቷ ትወዳለች?» አለችና ሁለቱም ሳቅ አሉ። እማማ ዘሪቱ ከቤት ያመጡትን የአጥሚት ፔርሙስ ከጉልበታቸው አንሥተው እግራቸው ሥር አኖሩት፤ ቆይተው ደግሞ መልሰው አቀፉት። ምራቴ ናት ቢሉ ወሬው እዚያው ያበቃ ነበር። አላሉም። ሴትየዋ የተናገረችው፣ እሳቸው ራሳቸው ጠዋት በባጃጅ ከሲቀላ ሰፈር ወደ ሆስፒታሉ ሲመጡ በሆዳቸው ሲያመላልሱት የነበረውን ነውና አፋቸው ተያዘ።

ከደጋው ከገረሴ የወረዱት ምራታቸውን ኖላዊትን ሊያርሱ ነው። በሲቀላው የኪራይ ቤት ከልጃቸው ከዘካሪያስና ከእሷ ጋር በቆዩባቸው ሳምንታት ብዙ ነገር አይተው ብዙ ነገር ዝም ብለዋል። ልጅቷ ልብስ ማጠብ ትጀምርና መሐል ላይ ሳፋውን ትታ ትቀመጣለች። የውኃውን ጀሪካን የሚያነሣው ዘካሪያስ ነው። ስትተኛ ትራስ በትራስ ላይ ደራርባ እንደተቀመጠ ሰው ተደግፋ ነው። እሳቸው ዘካሪያስን ፀንሰው ሆዳቸው ገፍቶ ሳለ እንሰት ሲፍቁ ውለው፣ ማታ እንጨት ተሸክመው የገረሴን ዳገት ይወጡ ነበር፤ ትንፋሽ አጠረኝ ብለው በር ላይ የቆሙበትን ቀን አያስታውሱም። ኖላዊት ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። «ይብሉ እማማ»፣ «ይረፉ እማማ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም «ኑሪልኝ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዞር ብለው ቴሌቪዥን ያያሉ። ሙቀቱ የማያስተኛ ቤት ነው። አየሩ ሲከብድ መስኮቱን የሚከፍት ዘካሪያስ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱ ሴቶች አንዷ ለአንዷ ክፈቺ፣ ክፈቱ ሳይባባሉ ላብ ላብ እያላቸው ይውላሉ።

ዘካሪያስ ከመድኃኒት ቤት የገዛውን በፌስታል ይዞ ሲመጣ እማማ ዘሪቱ ተነሥተው ግቢው ውስጥ ወዳለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ወሰዱት።

«ምጥ ፈርታ ነው ወይ?» አሉት።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሰው ይላል። እኔም እጠይቃለሁ።»

ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ልቧ ነው እማዬ» አለ። ትንሽ ልጅ ሳለች የጉሮሮ ሕመም ይመላለስባት ነበር፤ ሕመሙ ውሎ አድሮ ልቧን ነካው። ደም ከሚያልፍባቸው የልቧ በሮች አንዱ ጠቧል። ምጡ ሲበረታ ልቧ ይሮጣል፣ ሲሮጥ ደሙ ማለፊያ ያጣና ሳንባዋ ላይ ይጠራቀማል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሞቹ ሕመሙን ካላበረድንላት ልቧ አይችልም ብለዋል። ይህን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የነገራቸው።

«ከመጋባታችሁ በፊት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለእኔ ግን አልነገርከኝም።»

«ብነግርሽ ትመርቂን ነበር?»

እማማ ዘሪቱ ልጃቸውን አዩት። መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ሳፋው፣ ጀሪካኑ፣ የተደራረቡት ትራሶች አንድ በአንድ ፊታቸው ላይ መጡ፤ አሁን ሲያዩዋቸው ሌላ ነገር ነበሩ።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት አዋላጅ ነርስ በሩ ላይ ቆማ የኖላዊትን አስታማሚ ጠራች። ክፍሉን ሌሎች ሴቶችም ስለሚጋሩት ወንድ አይገባም፤ የኖላዊት እናት ደግሞ በሕይወት የሉም። ስለዚህ የገቡት እማማ ዘሪቱ ናቸው። ክፍሉ በመጋረጃ የተከፋፈለ ነው። ጣሪያው ላይ አንድ ማራገቢያ እየተንቀራፈፈ ይዞራል፣ በመስኮቱ ከሩቅ ጫሞ ሐይቅ ያብለጨልጫል። ኖላዊት አልጋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ የአልጋውን ብረት ጨብጣለች። ምጥ የያዛትን ሴት ፊት እማማ ዘሪቱ ያውቃሉ፤ በገረሴ ስንት ሴት ደግፈው አዋልደዋል። ይህ ግን ሌላ ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ምጡ ሄዶ እንኳ ትንፋሿ አልተመለሰም፤ ቃል ለመናገር ትጀምርና መሐሉ ላይ አየር ያልቅባታል። ዶክተር ቤተልሔም የምትባል ወጣት ሐኪም ጀርባዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ እየሰማች ነው። ከአልጋው ወዲያ አረንጓዴ የለበሰ ረጅም ልጅ ዕቃውን ሲያሰናዳ ቆይቶ ወደ እሳቸው ዞረና በጋሞኛ ሰላም አላቸው። ኤርጫፎ ይባላል፤ የማደንዘዣ ባለሙያ ነው።

«እናቴ፣ እርስዎ ይደግፉልኛል» አላቸው። «ጀርባዋን እንደ ቀስት አጉብጣ ካልተቀመጠችልኝ ቦታውን አላገኘውም።»

«ቆይ» አሉ እማማ ዘሪቱ። «መጀመሪያ ንገረኝ። ሽባ ያደርጋል ይባላል።»

አልተቆጣም፣ አልሳቀም። በጀርባ አጥንቶቿ መካከል እንደ ክር የቀጠነች ቱቦ እንደሚያስገባ፣ በእሷም ሕመም የሚሸከሙት ነርቮች አጠገብ መድኃኒቱን ጥቂት በጥቂት እንደሚሰጥ ነገራቸው። እግሯ ይከብዳታል፣ ያልፋል። የማያልፍ ጉዳት የለም ብዬ አልዋሽም፣ ግን እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ከዚያ ይልቅ ራስ ምታት ሊያገኛት ይችላል አለ። እማማ ዘሪቱ ስለ ልጁ ጠየቁ። ለልጁ የሚተርፈው መድኃኒት ጥቂት ነው አላቸው። «እኔ የምፈራው የእሷ ደም ግፊት እንዳይወርድ ነው። የእሷ ከወረደ ልጁም ይደክማል። ለዚህ ነው ወግቼ የማልሄደው፤ አጠገቧ ነኝ።» እማማ ዘሪቱ በጸሎት ቤት በሕመም ትወልጃለሽ ስለተባለችው ሔዋን ብዙ ስብከት ሰምተዋል። እንዲህ ያለ ልብ ይዛ ትማጥ የሚል ግን አንድም አልሰሙም። ፔርሙሱን መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ አልጋው ቀረቡ።

ኖላዊት ግንባሯን ደረታቸው ላይ አሳረፈች፤ እሳቸው ትከሻዋን ያዙ። ከሠርጉ ቀን ወዲህ ሁለቱ እንዲህ ተቃቅፈው አያውቁም። አልኮሉ ሲነካት ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። «አትንቀሳቀሺ፣ እኔ ይዤሻለሁ» አሏት። ምጡ መጣ፤ ኤርጫፎ እጁን አንሥቶ ጠበቀ፤ ምጡ ሲሄድ ቀጠለ። የልጅቷ ልብ በቀሚሷ አልፎ እሳቸው ሆድ ላይ ሲመታ ይሰማቸዋል፤ እጅ ውስጥ እንደተያዘ ወፍ ነበር። ቱቦዋ ገባች፣ ጀርባዋ ላይ በፕላስተር ታሸገች፣ መድኃኒቱ ተሰጣት፣ በጎኗ አስተኟት።

ብዙም ሳይቆይ «ጆሮዬ ጮኸ» አለች ኖላዊት። ፊቷ አመድ መሰለ። የፅንሱን የልብ ምት የሚያሰማው መሣሪያ እንደሚጋልብ ፈረስ ሲሮጥ የነበረው ቀስ አለ፣ እየራቀ ሄደ። እማማ ዘሪቱ የሚያውቁት ዝምታ ነበር የሚመጣው። የመጋረጃውን ብረት ያዙ። ኤርጫፎ በክንዷ ደም ሥር በተተከለው መስመር መድኃኒት ሰጣት፤ ዶክተሯ ይበልጥ ወደ ግራ ጎኗ አዞረቻት፤ ነርሷ ኦክስጅን አደረገችላት። ሁሉም ሥራቸውን ያውቁ ነበር፣ የጮኸ ሰው የለም። ፈረሱ ተመለሰ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ ከዚያ እንደ በፊቱ መጋለብ ጀመረ። ኤርጫፎ የግፊት መለኪያውን አይቶ ወደ እማማ ዘሪቱ ራሱን ነቀነቀ። እሳቸውም ሳያውቁት ነቀነቁለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እማማ ዘሪቱ በዕድሜያቸው አይተውት አያውቁም። ኖላዊት ዓይኗን ጨፈነች። የከንፈሯ ቀለም ተመለሰ፣ ትንፋሿ ረዘመ፣ ብረቱን የጨበጡት ጣቶቿ አንድ በአንድ ተፈቱ። ራሷን የሳተች መስሏቸው ደንግጠው «ኖላዊት» አሏት። «አለሁ እማማ፤ አላመመኝም እኮ» አለችና ተኛች። እማማ ዘሪቱ መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አደረጉ። ማኅፀኗ እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ እሳቸው የሚያውቁት ትልቁ ምጥ ነው፣ ሴት ብረት የምታጎብጥበት። ፊቷን አዩት። አንድ ቅንድብ አልተንቀሳቀሰም። ማኅፀኑ ላላ፣ ቆይቶ ደግሞ ጠነከረ፤ ልጅቷ ግን ከሥራ ደክሟት እንደገባች ሁሉ በትንሹ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። እጃቸውን ከዚያ ማንሣት አቃታቸው። ምጡ በእጃቸው ሲያልፍ፣ እንቅልፉ በዓይናቸው ፊት፣ እዚያው ቆሙ፤ እንባቸው መቼ እንደጀመረ አላወቁም።

ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ሴት ስትጮህ ነው ኖላዊት የነቃችው። ይህ የጀርባ መርፌ ለሁሉም አይደርስም፤ የሚሠራው ኤርጫፎ ብቻ ነው፣ እሱም የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ደርቦ ይይዛል፤ ለጊዜው የሚሰጠው እንደ ኖላዊት ላሉት ነው። ነርሷ ይህን ስትነግራቸው እሷም ደስ ያላት አትመስልም። ኖላዊት ጥቂት አዳመጠች። «እማማ፣ እኔ ደህና ነኝ። እሷ ጋ ይሂዱ፤ አጠገቧ ሰው ያለ አይመስለኝም» አለች። እማማ ዘሪቱ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ከቆላ የመጣች ወጣት ናት፤ አስታማሚዋ ምግብ ልትገዛ ወጥታለች። ወገቧን በሁለት መዳፋቸው እየደገፉ አሹላት፣ ላቧን ጠረጉላት፣ ጩኺ አሏት፣ ማንም አይከለክልሽም። አስታማሚዋ ስትመለስ ወደ ኖላዊት መጡ።

«ጎበዝ አሻሽ ነዎት» አለች ኖላዊት ፈገግ ብላ። «ከዚህ ሆኜ እሰማ ነበር። እርስዎስ ሲወልዱ ማን አሸዎት?»

ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው የለም። ዘካሪያስም አልጠየቀም፤ ወንድ ልጅ ምን ብሎ ይጠይቃል። ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። የመጀመሪያቸው ዘካሪያስ እንዳልነበረ ነገሯት። ከእሱ በፊት ሴት ልጅ ነበረች። ዝናብ ወቅት ነበር፤ ምጡ ውሎ አደረ፤ የምትጮህ ሴት ቤቱን ታዋርዳለች ብለው አማታቸው የነጠላቸውን ጫፍ አጥፈው አስነከሷቸው። ጎረቤት እንዳይሰማ። በመጨረሻ በቃሬዛ ተሸክመው ቁልቁል ሲያወርዷቸውም ነጠላው አፋቸው ውስጥ ነበር። ልጅቷ ስትወጣ ድምፅ አልነበራትም። «ሰዉ ጠንካራ ሴት ናት አለኝ» አሉ እማማ ዘሪቱ። «ድምፅዋ ሳይሰማ ወለደች ተባልኩ። ስመሰገን ነው የኖርኩት በዚያ።»

ኖላዊት እጇን ዘርግታ እጃቸውን ያዘች። «ስም አውጥተውላት ነበር?»

«በልቤ።»

ኖላዊት ስሙን አልጠየቀችም። ምጧ በመሐላቸው እየመጣ እየሄደ፣ መሣሪያው እየጋለበ፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ተቀመጡ። በሲቀላው ሳሎን ያን ሁሉ ሳምንት ያልተነጋገሩትን ያን ቀን ተነጋገሩ፤ ስለ ዘካሪያስ የልጅነት ተንኮል፣ ስለ ኖላዊት እናት፣ ኖላዊት ትንፋሽ ሲያጥራት አማቴ ሰነፍ ይሉኛል ብላ ስለ ማፈሯ። «ብዬሻለሁ» አሉ እማማ ዘሪቱ። «ባልናገረውም ብዬሻለሁ።» ኖላዊት «አውቃለሁ» አለችና ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ።

ከቀትር በኋላ ዶክተር ቤተልሔም መርምራ ጊዜው ደርሷል አለች። ኖላዊት የሚገፋ ነገር እንዳለ ይሰማታል፣ ስለት የመሰለው ሕመም ግን የለም፤ መቼ እንደምታምጥ ነርሷ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነው የምትነግራት። ልቧ እንዳይደክም ብዙ እንድትገፋ አልፈለጉም። ልጁ በሚገባ ከወረደ በኋላ ዶክተሯ ራሱ ላይ የሚጣበቀውን የመሳቢያ ጽዋ አድርጋ ምጡ በመጣ ቁጥር ቀስ ብላ ሳበች። እማማ ዘሪቱ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ሊያዞሩ ነበር፤ ኖላዊት ግን ቀና ብላ በራሷ ዓይን ታያለች። ልጅቷ ወጣች። ፀጉሯ የተጣበቀ፣ ጽዋው የነበረበት ቦታ እንደ ትንሽ ቆብ ያበጠ። ዝም አለች። ነርሷ በፎጣ ጀርባዋን አሸት አሸት አደረገቻት፤ ከዚያ አፏን ከፈተችና ክፍሉን ሞላችው።

ኖላዊት ደረት ላይ አኖሯት። እማማ ዘሪቱ ይጠባበቁ ነበር፤ መድኃኒቱ ሕፃኗን አፍዝዟት እንደሆነ፣ መጥባት አቅቷት እንደሆነ። ሕፃኗ ጥቂት ተንከላወሰች፣ አገጯን ግራና ቀኝ አደረገች፣ ጡቱን አገኘችና ያዘች። አጥብቃ ነው የያዘችው። ኖላዊት «ይኸው፣ ይኸው» ከማለት ሌላ ቃል አላገኘችም። ጣቶቿን፣ ጆሮዋን፣ ያበጠውን ራሷን ሳይቀር እየዳሰሰች ታለቅሳለች። «ሁሉንም አየሁት እማማ። ስትወጣ አየኋት» አለች። አንጀቷ የት እንዳለ ለማወቅ ሌላ ምስክር አላስፈለገም። ዶክተሯ እብጠቱ በጥቂት ቀን ይጠፋል ብላቸው የኖላዊትን የልብ ነገር ግን ሆስፒታል አድረው እንደሚከታተሉ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ሰዓት ዋናው አስጊ ጊዜ መሆኑን አስጠነቀቀቻቸው።

ዘካሪያስ በበሩ ክፍተት ልጁን አይቶ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያለቅስ እማማ ዘሪቱ ራሱን ዳበሱት፤ የበደላቸው ልጅ አልመሰላቸውም። ኖላዊትን ብርድ ብርድ አላት፣ ገላዋን አሳከካት፤ ኤርጫፎ መጥቶ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው ብሎ አይቷት ሄደ። ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲረዝም የእግሯ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ጉልበቷ ታጠፈ። እማማ ዘሪቱ ብርድ ልብሱን ገልጠው ያንን ጉልበት እንደገና እንድታጥፈው ጠየቋት፣ አጠፈችው፣ ደግሞ አሉ፣ ደግሞ አጠፈችው። ከዚያ አጥሚቱን ቀድተው ሰጧትና ተነሥተው ወጡ።

ኤርጫፎን ያገኙት ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በስተጀርባ ባለ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሙዝ ሲልጥ ነው። ሊነሣላቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉትና አጠገቡ ተቀመጡ። አመሰግናለሁ ለማለት ነበር የመጡት፤ ቃሉ ግን ለሥራው አነሰባቸው።

«እናትህ አለች?» አሉት።

«አለች። አሰፋሽ ትባላለች፣ ካምባ ናት።»

«ምን እንደምትሠራ ታውቃለች?»

«መርፌ ይወጋል ትላለች።» ፈገግ አለ።

«አታውቅም ማለት ነው። ደውልና አገናኘኝ።»

ኤርጫፎ ጥቂት አያቸውና ደውሎ ስልኩን ሰጣቸው። ከካምባ የመጣው ድምፅ የማያውቁትን ሰው ሲሰማ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ልጄ ምን ሆነ አሉ አሰፋሽ። እማማ ዘሪቱ በጋሞኛ ልጅሽ ደህና ነው፣ አጠገቤ ሙዝ ይበላል አሏቸው። ዘሪቱ እባላለሁ፣ የገረሴ ሴት ነኝ። ምራቴ ልቧን የታመመች ናት፤ ምጡ ሊገድላት ነበር፤ ልጅሽ ሕመሙን ከላይዋ ላይ አነሣላት። «ምጡ እንዳለ ተኛች» አሏቸው።

«ተኛች?» አሉ አሰፋሽ።

«ተኛች። እጄ ሆዷ ላይ ነበር። ማኅፀኗ ሲጠነክር እጄ ያውቃል፣ እሷ ግን ታንኮራፋለች።»

ከወዲያ በኩል የገበያ ጫጫታ ብቻ ተሰማ። ስልኩ የተቋረጠ መስሏቸው እማማ ዘሪቱ ከጆሯቸው አንሥተው አዩት፤ መልሰው ለጠፉት። አሰፋሽ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «እኛስ?» አሉ።

«እኛን አለፈን እህቴ» አሉ እማማ ዘሪቱ። «ለልጆቻችን ግን ደረሰ፤ ያደረሰውም ያንቺ ልጅ ነው። ማኅፀንሽ ይባረክ ልልሽ ነው የደወልኩት።»

ኤርጫፎ ሙዙን በእጁ እንደያዘ ሐይቁ ወዳለበት አቅጣጫ ፊቱን አዞረ። ከውስጥ ሲጠሩት ተነሣ፤ ስልኩን ሊመልሱለት እጃቸውን ሲዘረጉ ይያዙት አላቸውና ገባ። አሰፋሽ በካምባ ገበያ መሐል እሱን የወለዱበትን ቀን ከመጀመሪያው ጀምረው ማውራት ይዘዋል፤ ማን እንደነበረ፣ ማን እንዳልነበረ፣ ምን ያህል እንዳመማቸው። እማማ ዘሪቱ ደረጃው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡና፣ «ንገሪኝ፣ እሰማለሁ» አሏቸው።